የበዓል ዐውደ ርእይ በትንሽ ከተማ ሙዚየም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የትንሽ ከተማ የታሪክ ሙዚየም በበዓል ሰሞን ይደምቃል። ዓመቱን ሙሉ በሩን ረግጦ የማያውቅ ሰው ልጆቹን ይዞ ብቅ ይላል። ከሩቅ የመጣ ዘመድም አብሮ ይገባል። ጥያቄውም የዚያኑ ያህል ይበዛል። ከታች ያሉት ብዙ ጊዜ የሚነሡት ናቸው። ግማሾቹ የጎብኚዎች ናቸው። የቀሩትን የሚያነሡት ደግሞ ዐውደ ርእይ ለማዘጋጀት ያሰቡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በትንሽ ከተማ ሙዚየም ውስጥ ምን የሚታይ ነገር አለ?

ብዙ ሰው ሙዚየም ሲባል ዘውድና ወርቅ ይታየዋል። የከተማ ታሪክ ሙዚየም ሀብቱ ሌላ ነው። የልብስ ሰፊ መቀስ አለ። የትምህርት ቤት ደወል፣ የሱቅ የዱቤ መዝገብ፣ ፎቶ ቤት ሲዘጋ የተረፈ ኔጌቲቭ አለ። ገበያ ላይ ቢወጡ ብዙ አያወጡም። የማን እንደነበሩ፣ የት እንደዋሉና መቼ እንደሆነ ሲታወቅ ግን የከተማዋ ማስረጃ ይሆናሉ።

ይህን ቀድሞ የገባው ስዊድናዊው አርቱር ሃዜሊየስ ነበር። በ1873 ስቶክሆልም ውስጥ የገበሬ ልብስና የቤት ዕቃ ሰብስቦ ለሕዝብ ክፍት አደረገ። ዕቃውን መደርደሪያ ላይ ከመደርደር ይልቅ የቤት ውስጥ ኑሮ አስመስሎ አቀረበው፤ ሰው የሚመስሉ ምስሎችንም አልብሶ አቆመ። በ1891 ደግሞ ከየገጠሩ ሙሉ ቤቶች አስነቅሎ አስመጥቶ ስካንሰን የተባለውን፣ ከአዳራሽ ውጭ ሜዳ ላይ የተዘረጋውን ሙዚየም ከፈተ። ዛሬ ትንንሽ ሙዚየሞች «የድሮ ሳሎን» ወይም «የድሮ ወጥ ቤት» እያሉ የሚያሳዩን ክፍሎች ከዚህ ሐሳብ ብዙ ወርሰዋል።

የበዓል ዐውደ ርእይ አዳራሽ ከማስዋብ በምን ይለያል?

መብራት ማንጠልጠልና ሪባን ማሰር ማስዋብ ነው። ያምራል፣ ችግር የለውም። ዐውደ ርእይ ግን የሚመልሰው ጥያቄ ሊኖረው ይገባል። እዚህ ከተማ ውስጥ በዓል እንዴት ይውል ነበር? ማን ነበር የሚደግሰው? በዓሉን ሥራ ላይ ሆኖ የሚያሳልፈውስ ማን ነበር?

በዓል ሲነሣ ሁላችንም የምናስበው ድግሱን ነው። ከድግሱ ጀርባ ያለው ግን ይበልጥ ይናገራል። ለዋዜማው ልብስ ለማድረስ ሲሰፋ ያደረው ልብስ ሰፊ አለ። ዘመድ ሲሰባሰብ ሆስፒታል ተረኛ የነበረችው ነርስ አለች። እጅ ሲያጥራት በዱቤ የገዛችና ስሟ በሱቁ መዝገብ ላይ የቀረ እናት አለች። ጦርነት ወይም በሽታ የገባበት ዓመት በዓልም አለ። ጥሩ የበዓል ዐውደ ርእይ እነዚህን ሰዎች ካላስገባ ባዶ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ዕቃ ጠጋ ብለን እንይ። የልጅ የበዓል ቀሚስ ነው። ከሩቅ ተራ ነጭ ቀሚስ ይመስላል። ጎንበስ ብለው ጫፉን ሲያዩ ሦስት መስመር ያገኛሉ። ድሮ የታጠፈበት ቦታ ሁሉ ምልክት ጥሏል። ከመስመሩ በታች ያለው ጨርቅ ከላይኛው ይልቅ ደመቅ ብሎ ይታያል፤ ታጥፎ ስለኖረ ፀሐይም እጥበትም እምብዛም አልነካውም። ልጅቷ ባደገች ቁጥር እናት ጫፉን እየፈታች አስረዝማዋለች ማለት ነው። ወይም ለታናሽ እህት አልፏል። ይህ ቀሚስ ጫፉ በማይታይበት ቦታ ከተሰቀለ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ጫፉ በልጅ ዓይን ቁመት ተደርጎ፣ ከጎኑ ሁለት መስመር ጽሑፍ ከተቀመጠ ግን የአንድ ቤት ኑሮ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጎብኚውም «እኛም ቤት እንዲህ ይደረግ ነበር» ማለት ይጀምራል። ያኔ ማስታወሻ ደብተር ይዞ አጠገቡ መቆም ነው።

ዝግጅቱ መቼ መጀመር አለበት?

በዓሉ ባለፈ ማግስት። ሰው ትዝታው ገና ትኩስ ነውና ያየውንና የጎደለውን ያን ጊዜ ይናገራል። ርዕሱና ዕቃው ከበዓሉ ስድስት ወር ያህል ቀድመው ቢመረጡ ጥሩ ነው። ከሰው የሚዋሱት ዕቃ ካለ ውሉን መጻፍ፣ ጽሑፉን ማረም፣ የተቀደደውን መጠገን ሁሉ ጊዜ ይበላል። መጨረሻ ሳምንት ላይ የሚሮጥ ሰው ነው ብርጭቆ የሚሰብረው።

ባለፈው ዓመት ያየሁት ልብስ ዘንድሮ የለም። ጠፋ ወይስ ተሸጠ?

አልጠፋም፤ እያረፈ ነው። ብርሃን ጨርቅን፣ ወረቀትንና የውሃ ቀለም ሥዕልን ያደበዝዛል፣ ያሳሳል። አንዴ የለቀቀ ቀለም ደግሞ ዕቃውን ጨለማ ውስጥ ስላስገቡት አይመለስም። ስለዚህ ሙዚየሞች እንዲህ ያለ ዕቃ የሚያሳዩት በ50 ሉክስ አካባቢ በሆነ ደብዛዛ ብርሃን ነው፤ ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው። የዘይት ቀለም ሥዕልና እንጨት እስከ 200 ሉክስ ይፈቀድላቸዋል። ብረትና ሸክላ ብዙም አይጎዱም።

ጉዳቱ የሚጠራቀም ነው። የብርሃኑ ጥንካሬ በሰዓቱ ይባዛል። ቀሚሱ በ50 ሉክስ በቀን 8 ሰዓት ቢታይ በቀን 400 የሉክስ ሰዓት ይሆናል። ቀጥተኛ የቀን ፀሐይ 100,000 ሉክስ ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ ያን ቀሚስ ለአንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ ማስጣት 250 ቀን ሙዚየም ውስጥ እንደማሳየት ነው። ሙዚየሙ የሚያጣራው አልትራቫዮሌት ጨረር እዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገባም፤ ቢገባ ደግሞ ይብስ ነበር።

ለዚህ ነው ክፍሉ ጨለም የሚለው። መብራት ለመቆጠብ አይደለም። ሲገቡ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆም ይበሉ፤ ዓይን ሲለምደው ጥልፉ ሁሉ ይወጣል። ለዚህም ነው ጨርቅና ወረቀት ለጥቂት ወራት ታይተው ወደ ግምጃ ቤት የሚገቡት። የበዓል ዐውደ ርእይ አንዱ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ በተፈጥሮው አጭር ስለሆነ ሌላ ጊዜ የማይወጡ ስስ ዕቃዎች በሱ ምክንያት ብርሃን ያያሉ።

ትኩስ አበባ፣ ቅጠል፣ ሻማና ምግብ ለምን አይገባም? ያለ እነሱ ምን በዓል አለ?

ቅሬታው ይገባናል። ሽታ የሌለው በዓል ጎደሎ ነው። ግን ቅጠልና ቅርንጫፍ ሲገባ ብቻውን አይገባም። ነፍሳት ይዞ ይገባል። እርጥበትም ይዞ ይገባል። ሲደርቅ ደግሞ ለእሳት ይመቻል። ምግብ አይጥና በረሮ ይጠራል። ፍርፋሪው ላይ የሚመጡት ጥቃቅን ጥንዚዛዎች ፍርፋሪው ሲያልቅ ወደ ሱፉና ወደ ቆዳው ይሄዳሉ።

ሻማ እሳቱ ብቻ አይደለም ችግሩ። ጥላሸቱ ዓይን ሳያየው ጨርቅና ሥዕል ላይ ያርፋል፤ ከጨርቅ ላይ ማስለቀቅ ደግሞ ከባድ ነው። ዛሬ በባትሪ የሚሠሩ፣ እንደ ነበልባል የሚርገበገቡ ትንንሽ የኤልኢዲ መብራቶች አሉ። ከሁለት ሜትር ርቀት ብዙ ሰው አይለያቸውም።

ቅጠሉን ከጨርቅና ከወረቀት ሠርቶ መተካት ይቻላል። ልጆች ቢሠሩት ደግሞ የተሻለ ነው፤ የራሳቸውን ሥራ ለማየት ቤተሰባቸውን ጎትተው ያመጣሉ። ምግቡንና ትኩሱን ነገር ደግሞ ቅርስ ወደሌለበት ክፍል ወይም ወደ ግቢው ማውጣት ነው። መጋበዝ አልተከለከለም። የሚከለከለው ከመስታወት ሣጥኑ አጠገብ ሳህን ይዞ መቆም ነው።

ቤቴ ያለ አሮጌ የበዓል ጌጥ ለጤና አደገኛ ሊሆን ይችላል?

አንዳንዱ አዎ። ይህን ጥያቄ ቸል እንዳይሉት።

ድሮ የሚያብረቀርቁት ቀጫጭን የብር መልክ ክሮች ከእርሳስ ብረት የሚሠሩ ነበሩ፤ በአሜሪካ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ይሸጡ ነበር። እርሳስ በተለይ ለሕፃን መርዝ ነው። በእጅ ሲይዙት ከበድ ካለና ታጥፎ ካልተመለሰ ይጠርጥሩ። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ለጌጥ ይሸጥ ከነበረው ሰው ሠራሽ በረዶ ውስጥ ደግሞ አስቤስቶስ ከተባለ ቃጫ መሰል ማዕድን የተሠራ ነበረበት። የአስቤስቶስ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ሲገባ ካንሰር ያመጣል። እንዲህ ያለ ነገር ካገኙ አያራግፉት፣ አይጥረጉት፤ ሳይነካኩ የሚያውቅ ሰው ያማክሩ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ደማቅ አረንጓዴ ነገርም አለ። ኬሚስቱ ካርል ሺለ በ1775 ያገኘው አረንጓዴ ቀለም አርሴኒክ የተባለ መርዝ ያለበት ነበር። ይህ ቀለምና ከሱ በኋላ የመጡ መሰሎቹ የግድግዳ ወረቀት፣ ልብስና ሰው ሠራሽ አበባ ላይ ሳይቀር ገብተዋል።

የኤሌክትሪክ መብራቶችም ታሪካቸው ረጅም ነው። የፈጠራ ሰው የቶማስ ኤዲሰን ባልደረባ ኤድዋርድ ጆንሰን ኒው ዮርክ ውስጥ የገና ዛፉን በ80 ባለ ቀለም አምፖሎች ያበራው በ1882 ነበር። አሮጌ የአምፖል ገመድ እጅዎ ከገባ በፍጹም ሶኬት ላይ አይሰኩት። ሽፋኑ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ እሳት ያስነሣል። ሙዚየም ውስጥ የሚበሩ የሚመስሉት አሮጌ አምፖሎች ብዙ ጊዜ ራሳቸው አይበሩም። ከጀርባቸው ትንሽ ኤልኢዲ ይደበቃል።

የአያቴን ዕቃ ለሙዚየሙ መስጠት እፈልጋለሁ። ሁሉንም ትቀበላላችሁ?

አይቻልም። ብንቀበል ደስ ይለን ነበር፤ ግን ቦታው ጠባብ ነው፤ የተቀበልነውን ሁሉ ደግሞ ለዘለቄታው ለመንከባከብ ቃል እንገባለን። ስለዚህ ሳይቀየሙ ይህን ይወቁ፦ «አይሆንም» የተባለው ዕቃ የተናቀ ዕቃ አይደለም። ምናልባት ተመሳሳዩ አራት አለ። ምናልባት ከከተማዋ ጋር የሚያያይዘው ነገር አልተገኘም።

እኛ ዕቃውን ከማየታችን በፊት የምንጠይቀው ታሪኩን ነው። የማን ነበር? የት ተገዛ ወይም ማን ሠራው? በየትኛው በዓል ይወጣ ነበር? በቀረው ጊዜ የት ይቀመጥ ነበር? ዕቃውን ብቻ አምጥተው «አያቴ ታውቅ ነበር» የሚሉ ብዙ ናቸው። አያት ካሉ አብረው ይምጡ። መምጣት ካልቻሉ ስልክዎ ላይ ድምፃቸውን ይቅዱ። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ዕቃውን እጃቸው ላይ አድርገው ይጠይቋቸው፤ እጅ ያለው ነገር ብዙ ያስታውሳል።

ከተስማማን ስጦታ ወይም ውሰት መሆኑ በጽሑፍ ይቀመጣል። ይህን ወረቀት እንደ ቢሮክራሲ አይዩት። ስጦታ ከሆነ ባለቤትነቱ ለሙዚየሙ ያልፋል። ውሰት ከሆነ የመመለሻው ቀን ይጻፋል። «ለጊዜው እዚያ ይቀመጥ» ተብሎ በቃል ብቻ የተተወ ዕቃ ሰጪውም ተቀባዩም ካለፉ በኋላ ዘመድ ያጣላል።

ከዚያ ዕቃው ቁጥር ያገኛል። 2024.5.3 የሚል ካዩ ነገሩ ቀላል ነው፦ በ2024 ከመጣው አምስተኛ ስጦታ ውስጥ ሦስተኛው ዕቃ ማለት ነው። ወረቀት ከሆነ ከጀርባው በለስላሳ እርሳስ ይጻፋል። ልብስ ከሆነ ቁጥሩ የተጻፈበት የጥጥ ጥብጣብ በጥቂት ስፌት ይያያዛል። እስክሪብቶና ማጣበቂያ ወረቀት ግን አይነካውም።

በጣም የምትፈልጉት ግን ሰው የማያመጣው ነገር ምንድን ነው?

ወረቀት። ሰው ድስትና ልብስ ያመጣል፤ ወረቀቱን ያቃጥላል። የመልካም ምኞት ካርድ፣ የግብዣ ደብዳቤ፣ የድግስ ወጪ የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት፣ የበዓል ሰሞን ደረሰኝ ሁሉ እንቁ ነው። ካርድ በተለይ። እንግሊዝ ውስጥ በ1840 የደብዳቤ መላኪያ ዋጋ ወደ አንድ ፔኒ ከወረደ በኋላ፣ ሄንሪ ኮል በ1843 ለሽያጭ የቀረበውን የመጀመሪያ የገና ካርድ አሳተመ። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ የተላኩ ካርዶች ላይ ቀኑና ከተማው ከፖስታ ቤቱ ማኅተም ይነበባል። ላኪና ተቀባይ በስም አሉ። ምኞቱ ደግሞ በእጅ ጽሕፈት ነው። አንድ ቁራጭ ላይ ይህን ሁሉ የሚይዝ ሌላ ዕቃ ከየት ይመጣል?

አሮጌ የፎቶ ፊልም ካለዎት ግን መጀመሪያ ይደውሉ። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ በፊት ከተሠሩት ፊልሞች ብዙዎቹ ናይትሬት ከተባለ ተቀጣጣይ ነገር የተሠሩ ናቸው፤ ሲበላሹ በቀላሉ እሳት ይነሣባቸዋል። የሚከረፋ፣ የሚጣበቅ ወይም ቡናማ ዱቄት የሚሆን ካገኙ ከሙቀት ያርቁት።

የማን በዓል ነው የሚታየው?

ከተማው ውስጥ የሚከበረው ሁሉ መሆን አለበት። ከተማ ውስጥ ከአንድ በላይ እምነት ካለ፣ ከአንድ በላይ ቋንቋ ካለ፣ የብዙኃኑን በዓል ብቻ ማሳየት የከተማውን ታሪክ ጎዶሎ ማድረግ ነው። ዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት በ2022 ፕራግ ላይ ያጸደቀው የሙዚየም ትርጉም አካታችነትን ያነሣል፤ የማይዳሰሰውንም ቅርስ ከሚዳሰሰው እኩል ይጠቅሳል። በዓል ደግሞ አብዛኛው የማይዳሰስ ነው። ዜማው፣ ምርቃቱ፣ ማን ቀድሞ እጁን እንደሚታጠብ፣ ወንበሩ ላይ ማን እንደሚቀመጥ መስታወት ውስጥ አይገባም። በድምፅና በቪዲዮ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚያውቀው ሰው ራሱ መጥቶ ሲያሳይ ነው የሚታየው።

የተቀደሰ ዕቃ ሲሆን ጥንቃቄው ይጨምራል። የእምነቱ ሰዎች ሳይጠየቁ አይታይም። «ይህ ከፍ ካለ ቦታ ይቀመጥ»፣ «ይህ ጨርሶ አይታይ» ቢሉ እሺ ነው መልሱ። ከእነሱ ጋር ቁጭ ብሎ ቡድን ሠርቶ ማዘጋጀት ደግሞ ከሁሉም ይሻላል። ጊዜ ይፈጃል። ግን ሰው የራሱ የሆነ ነገር አለና ሙዚየሙን እንደ ራሱ ቤት ያያል።

መግለጫ ጽሑፎቹ ለምን አጠሩ? ብዙ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ቆሞ የሚያነብ ሰው ቶሎ ይደክመዋል። ብዙ ሙዚየሞች አንዱን መግለጫ ከ75 ቃል በታች ለማድረግ ይጥራሉ። እሱን መጻፍ ከረጅሙ ይከብዳል። «የልጅ ቀሚስ፣ ጥጥ» ብሎ ማቆም መግለጫ አይባልም፤ ቀሚስ መሆኑን ጎብኚው ራሱ ያየዋል። የማያየውን ነው መንገር። ተጨማሪ ከፈለጉ ሠራተኞቹን ይጠይቁ፤ ዕቃውን ያመጣውን ሰው እስከ ማገናኘት የሚደርሱ አሉ።

ፎቶ ማንሳት ይቻላል?

በአብዛኛው ይቻላል፤ መጀመሪያ ይጠይቁ። ፍላሽ ያጥፉ። እውነቱን ለመናገር አንድ ፍላሽ የሚያደርሰው ጉዳት ሰው ከሚያስበው በጣም ያነሰ ነው። ግን ደብዛዛ ክፍል ውስጥ ሌላውን ሰው ይረብሻል፤ መስታወቱም ያንጸባርቅና ፎቶዎ ነጭ ይወጣል። ከውሰት የመጡ ዕቃዎች ባለቤቶቹ ፎቶ ላይፈቅዱ ይችላሉ።

ነጭ ጓንት የምታደርጉት ለምንድን ነው?

ሁልጊዜ አናደርግም። ለብረትና ለፎቶግራፍ ጓንት ያስፈልጋል። የጣት ላብ ጨውና ቅባት ስላለው ብረት ላይ አሻራው በልቶ ይቀራል። አሁን የጥጡን ትተን ቀጭኑን የላስቲክ መሰል ናይትራይል ጓንት እንመርጣለን። ለወረቀት ግን ታጥቦ የደረቀ እጅ ይሻላል። ጓንት ያደረገ ጣት ስስ ገጽ ሲገልጥ ይቀድዳል።

ልጆቼ ዝም ብለው አይቆሙም። ይዣቸው ልምጣ?

ይዘዋቸው ይምጡ! በዓል የልጅ ነው። ጥሩ ዝግጅት የሚነኩት ነገር አያጣም፦ በቅጂ የተሠሩ ዕቃዎች፣ የሚለበሱ ልብሶች፣ የሚደበድቡት ከበሮ። ልጆችዎ አንድ ዕቃ መርጠው «ይህ የማን ነበር?» ብለው እንዲጠይቁ ያድርጉ። መልሱን ሠራተኛው ካላወቀው ብዙ ጊዜ አጠገብ የቆመ አዛውንት ያውቀዋል። የሕፃን ጋሪ ለሚገፋም ሆነ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚመጣ ሰው በዕቃዎቹ መካከል በቂ ክፍተት መተው የአዘጋጁ ግዴታ ነው። በማስዋብ ብዛት መተላለፊያ መዝጋት በየበዓሉ የሚደገም ስሕተት ነው።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ዕቃዎቹ ምን ይሆናሉ?

ዕቃዎቹን ማውረዱ ከማንጠልጠሉ ይረዝማል። እያንዳንዱ ዕቃ ሲወጣ ከተነሣው ፎቶ ጋር ይነጻጸራል፤ አዲስ ጭረት ካለ ይመዘገባል። ልብስ እጥፋቱ ላይ እንዳይሰበር በአሲድ አልባ ስስ ወረቀት እየተሞላ ሣጥን ውስጥ ይተኛል። ከሳጠራ ወይም ከተራ ካርቶን ጋር መነካካት የለበትም።

ብል የተጠረጠረበት ሱፍ ወደ ማቀዝቀዣ ይገባል። በላስቲክ ከረጢት ይታሸጋል፤ አየሩ ይወጣለታል። ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ከሆነ 3 ቀን ገደማ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ከሆነ 2 ሳምንት ገደማ ይቆያል። ሲወጣ ከረጢቱ ወዲያው አይከፈትም። የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ አንድ ቀን ይጠበቃል፤ አለበለዚያ ጤዛው ጨርቁ ላይ ያርፋል። እቤትዎ ያለውን የቤተሰብ ጋቢ ወይም ሹራብ በዚሁ ዘዴ ማዳን ይችላሉ። ለቀለም ቅብ ሥዕል፣ ለመስታወትና ከብዙ ነገር ተጣብቆ ለተሠራ ዕቃ ግን አይሞክሩት።

መቼ ብመጣ ይሻለኛል?

ሰው አይቶ መጫወት ከፈለጉ በዓሉ ሊደርስ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው። ዕቃውን በደንብ ማየት ከፈለጉ በሥራ ቀን ጠዋት። ከቻሉ ግን በዓሉ ሲያልፍም ብቅ ይበሉ፤ ቋሚው ዐውደ ርእይ ያን ጊዜም አለ፤ ሠራተኞቹም ለወሬ ጊዜ ያገኛሉ። ሜይ 18 ዓለም አቀፍ የሙዚየም ቀን ነው፤ ከ1977 ጀምሮ ይከበራል። በዚያን ቀን ግምጃ ቤታቸውን ከፍተው የሚያስጎበኙ ትንንሽ ሙዚየሞች አሉ፤ አስቀድመው ደውለው ይጠይቁ።